ኤጄርሳም አዲስ ዓለምም የእኛው ነው

(በመረዳጃ ዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ላይ ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

 

ሌላ ጊዜ በዚህ ቦታ ቆመን የምናነበው የመዋጮና የቅጣት ሒሳብ ነው። ዛሬ ግን ሒሳቡን ለገንዘብ ያዡ ትተን ስለ ከተማችን አመሠራረት ጥቂት ቃል ልንናገር ነው። ለምን ቢባል፣ ምክንያት አለን።

ሁላችሁም እንደምታውቁት ዕድራችን በመጋቢት ወር አዲስ ድንኳን ገዝቷል። ገንዘቡ ከሁላችንም ኪስ ጥቂት በጥቂት የተጠራቀመ ነው። ይሁን እንጂ ድንኳኑ እንደተጠቀለለ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ሸራው ተቀዶ አይደለም፤ ብረቱም ጎድሎ አይደለም። በላዩ ላይ የሚጻፈው የከተማችን ስም ምን ይሁን በሚለው ባለመስማማታችን ነው። ግማሾቻችን «አዲስ ዓለም» ይጻፍ አልን። ግማሾቻችን «ኤጄሬ» ካልተባለ አንቀበልም አልን። ሁለት ስብሰባ በዚሁ ክርክር አለቀ። ሦስተኛውን ስብሰባ ስንጠራ ምልዓተ ጉባኤው አልሞላ ብሎ ተበተንን።

በሐምሌ ወር አንዲት እናታችን ባለቤታቸውን በሞት አጡ። ያው እንደ ደንባችን ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ። የተተከለው ግን አሮጌው ድንኳን ነው። ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጣለና ውሃው በየቀዳዳው ወረደ። ለቀስተኛው በሰበሰ፣ ፍራሹ ራሰ፣ ሽማግሌዎች ቆመው አደሩ። ደግሞ ሌላም የሚያሳፍር ነገር ነበር። በስም ጉዳይ የተኳረፉ አባላት ከቀብሩ ቀርተው ነበር። በሠልስቱ ዕለት እናታችን ሊቀ መንበራችንንና እኛን ወደ ጓዳ ጠርተው «ልጆቼ፣ እናንተ ስም ስትመርጡ እኛ እኮ በሰበስን» አሉን። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ያን ዕለት አፈርን። ከዚያ ወዲህ ይህን ስም ከሥር ከመሠረቱ ማወቅ አለብን ብለን ተነሣን። እኛ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምን ሰዎች ስለሆንን የታሪክ ዐዋቂ ነን አንልም። ነገር ግን ሽማግሌዎችን ጠየቅን። የተማሩ ልጆቻችንም ከመጻሕፍት እያነበቡ ነገሩን። እርግጠኛ የሆንበትን ብቻ ይዘን ቀርበናልና እስቲ በትዕግሥት አድምጡን።

ከከተማው በፊት

ስለ ከተማችን ሲወራ ብዙ ሰው ከዐፄ ምኒልክ ይጀምራል። እኛ ግን ከዛፍ እንጀምር። ቦታው የቀድሞ ስሙ ኤጄርሳ ነው። ኤጄርሳ በኦሮምኛ ወይራ ማለት ነው። ኦሮምኛ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ዛፍ ያውቀዋል። እናቶቻችን የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የሚያጥኑት በወይራ ነው። ጥርሳችንን የምንፍቀው በወይራ ነው። እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ለቤት ምሰሶና ለአጥር ይመረጣል። ደግሞ እድገቱ ዝግ ያለ ነው፤ አባት የተከለውን ወይራ ጥላ በደንብ የሚቀመጥበት ልጅ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንድ ቦታ በዛፍ ስም የሚጠራው፣ ዛፉን የሚያውቅና ከሥሩ የሚያርፍ ሰው ሲኖር ነው። ሰው በሌለበት ቦታ ስም አይወጣም። ስለዚህ ቤተ መንግሥት ለመሥራት ሰው ሲመጣ እዚህ የነበረው ባዶ ሜዳ አይደለም። የኦሮሞ ገበሬዎች መረሬውን አፈር ያርሱ ነበር፤ ከብታቸውን በመስኩ ላይ ያሰማሩ ነበር። ዛሬ እኛ ጤፍና ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ የምናፍስበትን መሬት መጀመሪያ ያቀኑት እነርሱ ናቸው። ክረምት ላይ መረሬው እግር እንዴት እንደሚይዝ፣ ውሃው የት እንደሚተኛ፣ የትኛው ማሳ መቼ እንደሚዘራ የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ። በኋላ የመጣው ሰው ይህን ሁሉ የተማረው ከእነርሱ ነው።

ይህን ስንል የአንዱን ለማንሣት፣ የሌላውን ለመጣል አይደለም። የሆነውን ነው የምንናገረው። ወረዳችን ዛሬም ኤጄሬ ተብሎ መጠራቱ ከአየር የወረደ ስም ስላልሆነ ነው።

የእንጨት ነገር

ታዲያ ንጉሡ ወደዚህ ምን አመጣቸው? ያመጣቸው እንጨት ነው ብንላችሁ ትስቁ ይሆናል። ነገሩ ግን እውነት ነው።

በዚያ ዘመን የነገሥታት ከተማ እንደ ዛሬው በአንድ ቦታ የሚረጋ አልነበረም። ንጉሡ በሰፈሩበት ሁሉ ከተማ ይሆናል። በመካከል የንጉሡ ድንኳን ይተከላል። በፊት፣ በኋላ፣ በቀኝና በግራ ደግሞ መኳንንቱ እንደ ማዕረጋቸው ከነጭፍራቸው ይሰፍራሉ። ዛሬ «የእኛ ሰፈር» የምንለው ቃል ራሱ ከዚያው የመጣ ነው፤ መስፈር ማለት ማረፍ፣ መቀመጥ ነውና። ዐፄ ምኒልክም የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በልቼና በአንኮበር ተቀምጠዋል። ከዚያ ወደ እንጦጦ መጡ። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደውት ከተማው ከእንጦጦ ወርዶ አዲስ አበባ ተባለ።

አሁን እናቶች ፍረዱ። አንድ ድግስ ለመደገስ ምን ያህል እንጨት እንደሚፈጅ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ምጣድ ስንት ጭራሮ ይበላል? ጠላ ሲጠመቅ፣ ጠጅ ሲጣል፣ ወጥ በየጎላው ሲሠራስ? በቤተ መንግሥት ግብር ሲገባ ደግሞ ሰው የሚበላው በመቶ ሳይሆን በሺህ ነበር። በዚህ ላይ የየመኳንንቱ ቤት አለ፤ የወታደሩ ጎጆ አለ፤ የአጥሩ ግንድ፣ የቤቱ ማገርና ምሰሶ አለ። ሁሉም ከዚያው ዙሪያ ካለው ደን ይቆረጣል። በዚህ ዓይነት የእንጦጦ ጥድ አለቀ። ከዓድዋ ድል በኋላ፣ ይኸውም ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በኋላ፣ አዲስ አበባ ላይ ሰው እየበዛ ሲሄድ እንጨቱ እየራቀ ሄደ። እንጨት ሲርቅ ደግሞ በድሮው ልማድ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ነቅሎ ወደ ሌላ ደን መሄድ።

በዚሁ ምክንያት በ1893 ዓ.ም. ግድም ዐፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ኤጄርሳ ዓይናቸውን ጣሉ። ደን አለው፣ ውሃ አለው፣ አየሩም ደጋ ነው። አዲስ ዋና ከተማ እንዲሆን ቆረጡና ስሙን አዲስ ዓለም አሉት። አዲስ አበባ አዲስ አበባ ነው፤ ይኸኛው ደግሞ አዲስ ዓለም። ስሙ ራሱ ምን ያህል ትልቅ ነገር ታስቦ እንደነበር ያሳያል። የቤተ መንግሥት ሥራ ተጀመረ። ሠራተኛው፣ ወታደሩ፣ ግንበኛው፣ አናጢው፣ ካህኑ፣ ነጋዴው ተከትሎ መጣ። ከተማችን እንግዲህ በከተማነት የተጀመረችው በድንኳን ነው። በዚያ ድንኳን ላይ ስም ተጽፎ እንደሆነ የነገረን ሰው የለም።

መንገዱና ባሕር ዛፉ

ወደ አዲስ ከተማ ለመሄድ መንገድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ዓለም መንገድ ተሠራ። ይህ መንገድ በአገራችን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ዛሬ ወደ ጊንጪ፣ ወደ አምቦና ወደ ነቀምት የሚሄደው መኪና ሁሉ በደጃችን ሲያልፍ ያንን የድሮ አቅጣጫ ተከትሎ ነው። በዚያው ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ ከውጭ አገር አስመጥቶ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» እያለ ጉድ ብሎለት ነበር።

ነገር ግን የሰው ሐሳብ አንድ ነው፣ የሚሆነው ሌላ ነው። መንገዱ የተሠራው ቤተ መንግሥቱን ወደ እኛ ለማምጣት ነበር። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ግን በኩሉ እንጨቱን ወደ አዲስ አበባ መውሰጃ ሆነ። እንጨቱ ወደ ሰው መሄድ ከቻለ፣ ሰው ወደ እንጨቱ ለምን ይመጣል? ደግሞም መኳንንቱና የውጭ አገር መልእክተኞች አዲስ አበባ ላይ ብዙ ገንዘብ አውጥተው ቤት ሠርተው ስለነበር፣ ያንን ጥለው ለመነሣት ደስ አላላቸውም።

ሌላው ምክንያት ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ እንደሚናገረው ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ መጨረሻ ግድም ሲሆን፣ ያስመጣው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው ይባላል። ባሕር ዛፍ እንደ ወይራ ትዕግሥት አይጠይቅም። በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገር ይደርሳል፤ ሲቆርጡት ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ንጉሡም ሕዝቡ እንዲተክለው አበረታቱ። በዚህ ዓይነት አዲስ አበባ እንጨቷን በየጓሮዋ ማብቀል ጀመረች። ነቅሎ መሄድ የሚባለው የድሮ ልማድም በዚያው ቆመ። ዋና ከተማው ከአዲስ አበባ ላይነሣ ረጋ። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ነገሩ ጭራሹን ተዘጋ።

እንግዲህ ከተማችን ዋና ከተማ ሳትሆን የቀረችው ክፉ ስለሆነች ወይም ሰዎቿ ስለሰነፉ አይደለም። ልጆቻችን አንዳንድ ጊዜ «እኛ እኮ ዋና ከተማ ልንሆን ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ቀረን» እያሉ ሲተክዙ እንሰማለን። እስቲ ያስቡት። ቤተ መንግሥቱ መጥቶ ቢሆን ኖሮ የኤጄርሳ ወይራ እንደ እንጦጦ ጥድ አልቆ ነበር። የገበሬውም መሬት ሁሉ በድንጋይ ቤት ተይዞ ነበር። ያገኘነውም የቀረብንም አለ።

የቀሩት ሰዎች

ንጉሡ ሐሳባቸውን ሲለውጡ የተጀመረው ሥራ ፈርሶ አልቀረም። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይኸውም ዛሬ በጉብታው ላይ የምናየው የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ዐፄ ምኒልክ ደብሩን ከአክሱም ጽዮን ጋር እንዲመሳሰል አድርገው አከበሩት፤ ብዙ ንዋየ ቅድሳትም ሰጡት። ከሩቅ አገር ሰው ሊያየው የሚመጣውም ለዚህ ነው።

ቤተ መንግሥቱ ቀረ እንጂ ተከትሎ የመጣው ሰው ሁሉ አልተመለሰም። አንዳንዱ ጎጆውን ነቅሎ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። አንዳንዱ ግን እዚሁ ሚስት አግብቷል፤ ልጅ ወልዷል፤ በሬ ገዝቷል። ካህናቱ ከደብራቸው ጋር ቀሩ። ነጋዴው ከመንገዱ ጋር ቀረ። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ከገበያው ጋር ቀሩ። ይህች ከተማ ከተማ ሆና የቆየችው በንጉሥ ትእዛዝ ሳይሆን በእነዚህ ሰዎች መቅረት ነው።

እዚህ ላይ የማይደበቅ ነገር አለ። የመጣው ሁሉ በእንግድነት ጎጆ ተሰጥቶት የተቀመጠ አይደለም። በዚያን ጊዜ ሥርዓት ገበሬው ገባር ነበር። መሬቱ በቀላድ እየተለካ ለመኳንንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክህነት ይሰጥ ነበር። ገበሬው ደግሞ በገዛ አባቱ መሬት ላይ አስራት ይከፍላል፣ አጥር ያጥራል፣ እህል ይፈጫል፣ ጭነት ይሸከማል። ይህ በደል ነው። «ኤጄርሳ ካልተባለ» የሚሉት ወገኖቻችን ሲናገሩ ከጉሮሯቸው የሚተናነቃቸው ይህ ነው። ይህን ሳናዳምጥ «ስም ምን ያጣላል» ብለን ማለፋችን የእኛም ጥፋት ነበር። የገባር ሥርዓት ቅሪቱ ሁሉ የተነቀለው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለድን ብዙዎች ነን። ያም ሆኖ ያልኖርንበት በደል ቢሆንም ከአያቶቻችን አፍ ሰምተነዋል።

በሌላ በኩል «አዲስ ዓለም ካልተባለ» የሚሉት ወገኖቻችንም ከመሬት ተነሥተው አይደለም። እነርሱ የተወለዱት፣ የተማሩት፣ ወላጆቻቸውን የቀበሩት በዚህ ስም ነው። ደብዳቤ የጻፉትም፣ ለዘመድ «ከየት ነህ» ሲባሉ የመለሱትም በዚህ ስም ነው። ስሙ ሲነሣ ቤታቸው የተነሣ ይመስላቸዋል። ይህንንም ማዳመጥ ይገባል።

ስለ እኛ ቤት

ስለ ሌላው ሰው ብቻ ተናግረን ስለ እኛ ቤት ብንደብቅ ደግ አይሆንም። ከእኛ ወገን አንዱ ቅድመ አያታችን ከመንዝ በሥራ መጥቶ እዚህ የቀረ ነው። ድንጋይ ጠራቢ ነበር ይባላል። ያገባት ቅድመ አያታችን ግን የዚሁ የኤጄርሳ ልጅ ነች። አባቷ ጥንድ በሬ የነበረው ገበሬ ነበር። እርሱ እስኪሞት ድረስ ቦታውን አዲስ ዓለም ይለው ነበር። እርሷ እስክትሞት ድረስ ኤጄርሳ ትለው ነበር። እርሱ ኦሮምኛን ተማረ፤ እርሷም አማርኛን ተማረች። ይህን አንድ ቃል ግን ሁለቱም አልለወጡም። አያታችን እንደነገሩን፣ እርሱ ከገበያ ሲመለስ «ከአዲስ ዓለም ጨው አመጣሁ» ሲል፣ እርሷ «ኤጄርሳ ላይ ጨው ረክሷል ማለት ነው» ብላ ትመልስለት ነበር። ጨው ግን አንድ ነው፤ ወጡም አንድ ነው። ሰባት ልጅ ወለዱ።

እንግዲህ ድንኳኑ ላይ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይጻፍ ብንባል፣ እኛ የምንሰርዘው ማንን ነው? አባቲቱን ነው ወይስ እናቲቱን? ይህ የእኛ ቤት ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አናነሣውም ነበር። ግን በየቤታችሁ ብትመረምሩ ከግማሽ በላይ የሆንነው እንዲሁ ነን። በአንዱ ወገን ያቀናው፣ በሌላው ወገን የሰፈረው። አንዳንዱ ደግሞ ከጉራጌ፣ ከወለጋ፣ ከጎጃም መጥቶ የተጨመረ ነው።

የከተማችን ጠባይ

ከተማችን ትልቅ ሊሆን ታስቦ ትንሽ ሆኖ የቀረ ከተማ ነው። ከዚህ የመጣ ጠባይ አለን። አንደኛ፣ እንግዳ አያስደነግጠንም። መንገድ ዳር የተቀመጠ ሕዝብ ስለሆንን አላፊ አግዳሚውን ውሃ እያጠጣን፣ ቡና እያፈላን ኖረናል። ሁለተኛ፣ በሁለት ቋንቋ ማሰብ እናውቃለን። ገበያ ላይ አንዲት ሻጭ በኦሮምኛ ዋጋ ጠርታ በአማርኛ ስትከራከር ማየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሦስተኛ፣ ከተማም ገጠርም ነን። ጠዋት ቢሮ ገብቶ ከሰዓት በኋላ እርሻ የሚወርድ ሰው አለን። በመኸር ጊዜ ስብሰባ ብንጠራ ሰው እንደማይመጣ ሊቀ መንበራችን ምስክር ናቸው።

አራተኛውና ዋናው ግን መረዳዳት ነው። ደቦ የሚለውን ቃል አስቡት። በአማርኛም ደቦ ነው፤ በኦሮምኛም ደቦ ነው። ሥራው አንድ ስለሆነ ስሙም አንድ ሆነ። ዕድርም በየከተማው በብዛት የተስፋፋው ከጣልያን ወረራ ዘመን፣ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው ጊዜ ወዲህ ነው ይባላል። በክፉ ቀን ሰው ሬሳውን የሚያነሣለት ጎረቤት ስለፈለገ ነው። ጎረቤት ሲፈለግ «አገርህ የት ነው» አልተባለም። በዕድራችን ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም አለ። ቃሬዛውን ሲያነሡ አራት ማዕዘን ይዘው ነው። አንዱ ማዕዘን ቢለቅ ሬሳው ይወድቃል።

በሐምሌ ወር የለቀቅነው እንግዲህ ይህንን ነው። ድንኳኑ መጋዘን ውስጥ ደርቆ ተቀምጦ፣ ሐዘንተኛዋ ዝናብ መታቸው። ቅድመ አያቶቻችን በደል ባለበት ዘመን እንኳ አንድ ጎጆ ውስጥ ሁለት ስም ይዘው ኖረዋል። እኛ በአንድ ሸራ ላይ ሁለት ስም መያዝ እንዴት ያቅተን?

ለውሳኔ የሚቀርብ

ከዚህ በላይ በተገለጸው መሠረት የዕድሩ ጽሕፈት ቤት ለጠቅላላ ጉባኤው የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል።

1ኛ፦ አዲሱ ድንኳን ከዛሬ ጀምሮ ከመጋዘን ይውጣ። ስም ተጻፈበትም አልተጻፈበትም፣ ሐዘን ለደረሰበት አባል ሁሉ ይተከል። ከእንግዲህ ወዲህ በማናቸውም ክርክር ምክንያት የዕድር ዕቃ እንዳይታገድ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ይጨመር።

2ኛ፦ በድንኳኑ ላይ ሁለቱም ስም በአንድ መሥመር፣ በእኩል ፊደል ይጻፍ። አንደኛው በእኛ ፊደል፣ ሁለተኛው በቁቤ ይሁን። የትኛው ይቅደም በሚለው ላይ ሌላ ክርክር እንዳይነሣ፣ በአንዱ ጎን አንደኛው ይቀድማል፤ በሌላው ጎን ሁለተኛው ይቀድማል። ድንኳን ሁለት ጎን ያለው ለዚህም ሳይሆን አይቀርም።

3ኛ፦ ዕድሜያቸው የገፋ አባቶችና እናቶች ስለ ከተማችን የሚያውቁትን በሚናገሩት ቋንቋ የሚመዘግብ አንድ ደብተር ይከፈት። ሁለት አንደኛ ደረጃ ተማሪዎችና ሁለት ጎልማሶች ለዚህ ሥራ ይመደቡ። እኛ ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ልንጠይቃቸው አስበን ሳንደርስባቸው የተቀበሩ ሽማግሌ አሉ። ገና ሳንጠይቃቸው ሌሎቹም እንዳያመልጡን።

4ኛ፦ በሚመጣው ክረምት በዕድሩ ግቢ ውስጥ የወይራ ችግኝ ይተከል። ባሕር ዛፉን አንነቅልም፤ እርሱም ለማገርና ለማገዶ ባለውለታችን ነው። ግን ስሙን ከወይራ ባገኘ ከተማ ውስጥ ለእናቶቻችን ጋን ማጠኛ የሚሆን ወይራ ከገበያ መግዛት ደግ አይደለም።

ከእነዚህ ሐሳቦች የሚቃወም ካለ እጁን አውጥቶ ይናገር፤ ቃለ ጉባኤ ላይ እንጽፈዋለን። አንድ ነገር ግን እንለምናችኋለን። የሚቃወም ሰው ተቃውሞውን እዚህ ይጨርስ እንጂ ይዞት ወደ ለቅሶ ቤት አይሂድ።

አባቶቻችን «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበል ጎረቤት» ይላሉ። የእኛ ከተማ ስም ከሁለት ቤት ወጥቷል። ጎረቤት ሆነን መቀበሉ የእኛ ፋንታ ነው።

በመጨረሻም ሐምሌ ላይ ሐዘን የደረሰባቸው እናታችን ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠዋል። በጉባኤው ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን። ያን ሌሊት የራሰባቸው ፍራሽ በዕድሩ ገንዘብ እንዲተካ ኮሚቴው ወስኗል። ድንኳኑን ግን ቀድመን ማውጣት ነበረብን።

 

የዕድሩ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ንግግር ከተነበበ በኋላ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያሉት ሐሳቦች በእጅ ብልጫ ጸድቀዋል። ድንኳኑን ለማውጣትና ብረቱን ለመቁጠር ፈቃደኛ የሆኑ ወጣቶች ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት መጋዘኑ በር ላይ እንዲገኙ።